ሃያ አራት መስመርና ሰባት ጭረት

ክልላችን ገና አዲስ ነበር። ማኅተሙ ከወንበሮቹ ቀድሞ አሶሳ ስለደረሰ፣ ለጥቂት ወራት ሁሉም ሰው ቆሞ ነበር ማኅተም የሚመታው። አዲስ ቤት የሠራ ሰው እንግዳ ሲመጣበት ጓዳውን ሳይቀር እንደሚያሳይ ሁሉ፣ ያኔ በከተማችን የማይጎበኝ ነገር አልነበረም። የተቆፈረ ጉድጓድ ይጎበኛል፤ ሊቆፈር የታሰበ ጉድጓድም ይጎበኛል። ከሁሉ ይበልጥ የምንጎበኘው ግን እኛ ነበርን፤ እኛ «ፋብሪካ» ነበርንና።

ፋብሪካው ሁለት ክፍል ያለው የቆርቆሮ ቤት ነው። በአንደኛው ክፍል ሁለት መቶ ሊትር የሚይዝ የማይዝግ ብረት ጋን፣ ከሥሩ የእንጨት ምድጃ፣ ከላዩ ክዳንና በእጅ የሚዞር ማማሰያ አለ። ሁለተኛው ክፍል ቢሮ ነው። በጋኑ የልጆች የሳል ሽሮፕ እናበስላለን። ስኳርና ውሃ እስኪወፍር ይቀቀላል፤ ዝንጅብል ይገባበታል፤ መጨረሻ ላይ መድኃኒቱ ይዋሐደውና በጠርሙስ ተሞልቶ ለጤና ጣቢያዎች ይላካል። አንድ ጊዜ ተቀቅሎ የሚወጣው ሽሮፕ «ባች» ይባላል። ቃሉን ያመጡት ሥራ አስኪያጃችን አቶ ምንውየለት ናቸው። አዲስ አበባ የአንድ ሳምንት ሥልጠና ወስደው ሲመለሱ አንድ ቦርሳ፣ አንድ የግድግዳ ሰዓትና ይህን ቃል ይዘው መጡ። ከሦስቱ እስካሁን የሚሠራው ቃሉ ብቻ ነው።

ጋኑ ላይ የሚሠራው ጁምዓ ነው። የመንጌ ሰው ነው፤ ወደ ሃምሳ ይጠጋል፤ ከወንዝ አሸዋ ወርቅ እያጠበ ነው ያደገው። እኔ «ዐም ጁምዓ» እለዋለሁ፤ አጎቴ እንደማለት ነው። እሱ «ያ ወለድ» ይለኛል፤ አንተ ልጅ ማለቱ ነው። አንቱ ልለው ሞክሬ ነበር። ሌላ ሰው ከኋላው የመጣ መስሎት ዞር ብሎ እያየ ስላስቸገረኝ ተውኩት።

ስሜ ነገሪ ነው፤ ከባምባሲ ነኝ። የተቀጠርኩት በእጅ ጽሕፈቴ ነው። በቃል ፈተናው ላይ አንድም ቃል አልወጣኝም፤ በጽሕፈት ፈተናው ላይ ግን አንድም ቃል አልሳትኩም። ፈታኞቹ «ይህ ልጅ አያወራም፣ አይሳሳትም፤ ለመዝገብ ሥራ የተፈጠረ ነው» አሉ። ማመስገናቸው ይሁን ማዘናቸው አልገባኝም።

ሥራዬ ቀላል ነው። ጁምዓ ሲያበስል አጠገቡ ተቀምጬ በየአሥር ደቂቃው ሙቀቱን፣ ማማሰያው በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደዞረና ስንት ፍልጥ እንደገባ እጽፋለሁ። መጀመሪያ በተማሪ ደብተር እጽፈዋለሁ፤ ከዚያ አጥርቼ ወደ ቅጹ እገለብጠዋለሁ።

ችግሩ ቅጹ ነው። ቅጹ ሃያ አራት መስመር አለው። ማን እንዳሳተመው የሚያውቅ የለም፤ አንድ ካርቶን ሙሉ ተላከልን። ሃያ አራት መስመር በአሥር አሥር ደቂቃ ሲቆጠር አራት ሰዓት ይሆናል። ሽሮፑ ግን ቅጹን አላነበበውም። በበጋ፣ እንጨቱ ደርቆ ሲንጣጣ፣ በሦስት ሰዓት ይደርሳል። በክረምት፣ እንጨቱ ከመንደድ ይልቅ ማልቀስ ሲቀናው፣ አምስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል።

የመጀመሪያውን የክረምት ባች አጥርቼ ስገባ፣ በቅጹ ጀርባ ዘጠኝ መስመር ጨምሬበት ነበር። አቶ ምንውየለት ገልብጠው አዩት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቀሪው ነው» አልኩ።

«ነገሪ፣ ቅጽ ጀርባ የለውም።»

«ሽሮፑ ገና አልደረሰም ነበር…»

«ሃያ አራት መስመር ከታተመ ሃያ አራት መስመር ይሞላል። የተረፈው ይቆረጣል፤ የጎደለው ይሞላል።»

«በምን ይሞላል?»

«የመጨረሻውን መስመር ደጋግመህ ጻፈው። ሽሮፑ አንዴ ከደረሰ ወዴት ይሄዳል?»

ረጅሙን ባች ሃያ አራተኛው መስመር ላይ ቆረጥኩት፤ አጭሩን የመጨረሻ መስመሩን ስድስት ጊዜ ደግሜ ሞላሁት። ቅጾቹ ሲደረደሩ እንደ ሰልፈኛ ወታደር ልክ ለልክ ሆኑ። አቶ ምንውየለት ለእንግዳ ሁሉ እያሳዩ «አንድም ባች ከሰዓቱ ዝንፍ አይልም» ይሉ ነበር። እንግዶቹም ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ደብተሮቹን እንድጥላቸው ታዝዤ ነበር፤ እጄ እምቢ አለ። በባዶ የስኳር ጆንያ ውስጥ ከትቼ ከጠረጴዛዬ ሥር ገፋኋቸው።

ከዚያ ጠርሙሶች መመለስ ጀመሩ። ስኳሩ ከሥር ረግቶ እንደ ድንጋይ ተጋግሯል፤ ከላይ የቀረው ቀጭን ውሃ ነው። ከመንጌ አንድ የጤና ረዳት ከጠርሙሱ ጋር ወረቀት ላከ። «ከላይ የሚጠጣ፣ ከታች የሚቆረጠም መድኃኒት ስለላካችሁልን እናመሰግናለን። ጥርስ ላላወጡት ልጆች ምን እናድርግ?» ይላል። አቶ ምንውየለት ወረቀቱን «የምስጋና ደብዳቤዎች» በሚለው ፋይል ውስጥ እንዳስቀምጠው ካዘዙኝ በኋላ እስከ መጨረሻው አነበቡት።

ከአሥራ ሦስት ባች አምስቱ እንዲህ ተበላሹ። በመጨረሻ ከአዲስ አበባ ባለሙያ ተጠራ። ወይዘሪት ሕሊና ኮምፒውተሯን እንደ ሕፃን በብርድ ልብስ ጠቅልላ መጣች። የጎረቤት ጀነሬተር ተለመነ። ሁለት ቀን ሙሉ እኔ ከቅጹ እያነበብኩ፣ እሷ እየነካካች ቁጥሩን አስገባን። ሌላ ነገር ተናገር ብባል አፌ ይተሳሰራል፤ ቁጥር ማንበብ ግን አያሳፍርም።

«አንዱን ዓምድ ለብቻው ካየነው ምንም አይናገርም» አለች። «ሙቀቱን፣ ዙሩን፣ እንጨቱን አንድ ላይ ነው የምናየው። ጥሩውን ባች ከመጥፎው ጎን አስቀምጠን፣ መስመርን ከመስመር እናስተያያለን። መስመሮቹ እኩል መሆናቸው ደግሞ ሥራውን አቀለለው።»

አቶ ምንውየለት ሸሚዛቸውን አስተካከሉ። «እኛ ጋ ሁሉም ነገር እኩል ነው» አሉ።

ረቡዕ ዕለት መልሱ መጣ። በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ እያንዳንዱ ባች አንድ ነጥብ ሆኖ ተበተነ። አብዛኞቹ ጥሩ ባቾች በአንድ በኩል፣ አምስቱ መጥፎዎች በሌላ በኩል ተሰበሰቡ። ወይዘሪት ሕሊና ራሷ የተደሰተች አትመስልም ነበር።

«እዚህ ላይ ስድስት መስመር አንድ ዓይነት ነው» አለች በጣቷ እያሳየች። «ዘጠና ዘጠኝ፣ ሠላሳ፣ ሁለት። ዘጠና ዘጠኝ፣ ሠላሳ፣ ሁለት። ይሄ ሽሮፕ ነው ወይስ ሐውልት?»

«የሠራተኛ ጥንቃቄ ነው» አሉ አቶ ምንውየለት። «ስለ መጥፎዎቹ ይንገሩኝ።»

«መጥፎዎቹ መጨረሻቸው ላይ ሙቀታቸው ዝቅ ያለ ነው። የደረሰ ሽሮፕ እዚህ አገር ከፍታ ላይ ዘጠና ዘጠኝ መሆን አለበት። እነዚህ ዘጠና ስድስት፣ ዘጠና ሰባት ላይ ነው የሚያልቁት። ሳይደርሱ የወጡ ይመስላሉ።»

«ሳይደርሱ!» አሉ አቶ ምንውየለት፣ ከምጥ እንደተገላገለች ሴት በረዥሙ ተንፍሰው። «ጁምዓ ነዋ! ሳይበስል ያወጣዋል!»

እኔ ግን አውቅ ነበር። ያልደረሱት ሽሮፖቹ አልነበሩም፤ ቅጾቹ ነበሩ። ሃያ አራተኛው መስመር ላይ እኔው በማስመሪያዬ የቆረጥኳቸው ናቸው። ጁምዓ ከዚያ በኋላም እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ሲያበስል ቆይቶ፣ በዘጠና ዘጠኝ ነው ያወጣቸው። አፌን ከፈትኩ። ዝንብ እንኳ ለመግባት ሳትቸኩል መልሼ ዘጋሁት።

አቶ ምንውየለት የደብዳቤ ረቂቅ ሰጡኝ። ሠራተኛ ጁምዓ ሽሮፑን ሳይበስል በማውጣት ሕፃናትን ለጉዳት ስላጋለጠ ከሥራ ተሰናብቷል ይላል። «ዓርብ በአራት ሰዓት ስብሰባ አለ፤ ከክልሉ መሥሪያ ቤት ሦስት እንግዶች ይመጣሉ» አሉኝ። «በእነሱ ፊት ነው የምፈርመው። ቆራጥ እርምጃ ስንወስድ ይዩ። በጥሩ እጅህ ሦስት ቅጂ።»

አንዱን ጀመርኩ። «ሳይበስል» የሚለው ላይ ስደርስ ብዕሬ ቀለም ጨረሰ። ብዕር አንዳንዴ ከባለቤቱ ይሻላል።

ሐሙስ ጠዋት ጁምዓ ጋኑን እያጠበ ነበር። ወሬ አሶሳ ውስጥ ከደብዳቤ ይፈጥናል።

«ያ ወለድ፣ የኔን ወረቀት ጻፍክ?» አለኝ።

«ገና ነው፣ ዐም ጁምዓ።»

«ጥሩ አድርገህ ጻፍ። ወረቀት ቆንጆ ከሆነ ሰው ያምናል።» ጋኑን አንዴ በውሃ አለቀለቀው። «ሥራ ይሂድ፤ ሥራ ይገኛል። መንጌ ላይ ግን ምን ይላሉ? ጁምዓ ለልጆች ጥሬ መድኃኒት አጠጣ። ወርቅ ከአሸዋ ይታጠባል። ይሄን ማን ያጥባል?»

ወይዘሪት ሕሊና ማስታወሻዋን ይዛ ገባች።

«እንደምን አደሩ? አንድ ነገር ልጠይቅዎት። መቶ ሃያኛው ደቂቃ ላይ ምን ያደርጋሉ?»

ጁምዓ እንደ ልማዱ ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ አየ። ማንም የለም።

«የትኛው ቀን?» አለ።

«ማንኛውም ቀን።»

«ማንኛውም ቀን የሚባል ቀን የለም፣ እህቴ። በዝናብ ቀን መቶ ሃያ ደቂቃ ላይ እሳት እለምናለሁ። በደረቅ ቀን መቶ ሃያ ደቂቃ ላይ ሽሮፕ ይዘፍናል፣ ዝንጅብል እጨምራለሁ። አንተ ሰዓት ታያለህ። ሽሮፕ ሰዓት አያይም።»

ጁምዓ አማርኛን የለመደው ገበያ ላይ ነው፤ ሴት ሆነ ወንድ ለእሱ ሁሉም «አንተ» ነው። ወይዘሪት ሕሊና ፈገግ አለች እንጂ አላረመችውም።

«ታዲያ እርስዎ ምን ያያሉ?»

ከግድግዳው ጋር የተደገፈውን ቀርከሃ አነሣ። ቀርከሃው ላይ በቢላዋ የተቆረጡ ሰባት ጭረቶች አሉ። ጋኑ ውስጥ ነክሮ፣ ሽሮፑ የትኛው ጭረት ድረስ እንዳራሰው ያያል። ውሃው በተነነ ቁጥር ሽሮፑ ከጭረት ወደ ጭረት ይወርዳል፤ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ኸላስ፣ አለቀ።

«ሁለት ሰው ከአሶሳ ወደ መንጌ ሄደ» አላት። «አንዱ በመኪና፣ አንዱ በእግር። አንተ በስድስት ሰዓት የት ናቸው ብለህ ትጠይቃለህ። አንዱ መንጌ ሻይ ይጠጣል፣ አንዱ ገና ዛፍ ሥር ነው። እግረኛው ሰነፍ ነው ትላለህ። እኔ እንዲህ አልጠይቅም። ወንዙ ጋ ስትደርስ ምን ሆንክ? ዳገቱ ጋ ስትደርስ ምን ሆንክ? እንዲህ ከጠየቅክ ሁለቱን ሰው ታውቃለህ።»

ወይዘሪት ሕሊና ቀርከሃውን ተቀብላ ጭረቶቹን በጣቷ ቆጠረች። ሁለት ቀን የለፋችበትን ነገር አንድ ቀርከሃ ሲያፈርሰው እያየች መሆኗ ያስታውቅ ነበር።

«እያንዳንዱ ጭረት ላይ ሙቀቱ ስንት እንደነበር ተጽፎ ቢሆን ኖሮ…» አለች ለራሷ።

እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ተጽፏል። ጁምዓ ቀርከሃውን ባየ ቁጥር «ሦስተኛ! አራተኛ!» እያለ ይጮህ ነበር። በቅጹ ላይ ለጭረት የሚሆን ዓምድ ስለሌለ፣ በደብተሩ ኅዳግ ላይ ጽፌዋለሁ። ይህን ለመናገር ሦስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። እኔ ሄጄ ደብተሮቹን የከተትኩበትን ጆንያ ጎትቼ አመጣሁ። እግሯ ሥር አስቀመጥኩትና ለመውጣት ስዞር ጠራችኝ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ያልተቆረጠው» አልኩ።

ከፈተችው። አንዱን ደብተር አገላበጠች፤ ቅጹን አምጥታ አስተያየች። ሠላሳ ሦስት መስመር ከሃያ አራቱ፣ አሥራ ስምንት መስመር ከሃያ አራቱ። ቀና ብላ ስታየኝ ጆሮዬ ጋለ።

«አንተ ነህ ሐውልቱን የሠራኸው?»

«ታዝዤ ነው።»

«ጭረቱንስ እንድትጽፍ ማን አዘዘህ?»

«ማንም። ዐም ጁምዓ ስለተናገረ ነው የጻፍኩት።»

ጁምዓ ይህን ሲሰማ ሳቀ። «ያ ወለድ! እኔ ለራሴ ነበር የምጮህ!»

ያን ቀን ሰዓቱን ረሳነው። ለእያንዳንዱ ባች ሰባት መስመር ብቻ አዘጋጀን፤ አንድ ጭረት አንድ መስመር። አንደኛው ጭረት ላይ ሙቀቱ ስንት ነበር፣ ማማሰያው ስንት ይዞር ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ፍልጥ ገባ፤ ሁለተኛው ላይስ? ሦስት ሰዓት የፈጀው የበጋ ባችና አምስት ሰዓት ተኩል የፈጀው የክረምት ባች፣ በሰዓት ሲታዩ የማይተዋወቁ፣ በጭረት ሲታዩ መንታ ሆነው ተገኙ። ሰባተኛው ጭረት ላይ አሥራ ሦስቱም ዘጠና ዘጠኝ ናቸው። አንድም ጥሬ አልነበረም።

አምስተኛው ጭረት ላይ ግን አምስት ባቾች ገደል ገቡ። ሙቀት ከዘጠና ሰባት ወደ ሰማንያ ስምንት። ዙር ዜሮ። እንጨት ዜሮ። አምስቱ እነዚያው የተጋገሩት ናቸው።

«አምስተኛው ጭረት ላይ ምንድን ነው የሚሆነው?» አለች።

በደብተሩ ኅዳግ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። በአምስቱም ደብተር፣ በአምስቱም ቦታ፣ በእኔው ጥንቁቅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፤ «እንግዶች ገቡ። ክዳን ተከፈተ። ንግግር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዝንጅብሉ የሚገባው አምስተኛው ጭረት ላይ ነው። ዝንጅብሉ ሲገባ ሽታው በመስኮት ወደ ቢሮ ይደርሳል። አቶ ምንውየለት ሽታው አፍንጫቸውን ሲነካው ይነሡና «ክቡራን እንግዶች፣ አሁን ደርሷል!» ይላሉ። ጭሱ እንግዶቹን እንዳያስለቅሳቸው እሳቱ ይጎተታል። ማማሰያው ሲዞር ሲጢጥ ሲጢጥ ስለሚል፣ ንግግራቸውን እንዳያደናቅፍ ይቆማል። ክዳኑ ይነሣል። ከዚያ ሃያ አምስት ደቂቃ ስለ ክልሉ የወደፊት ተስፋ ይናገራሉ። ተስፋው ሰፊ ስለሆነ አንዳንዴ ሠላሳ አምስት ደቂቃም ይፈጃል።

«ስኳር የጋኑ ግድግዳ ላይ ይደርቃል» አለ ጁምዓ። «ክዳን ሲዘጋ ተመልሶ ይወድቃል። ጠርሙስ ውስጥ ሆኖ ወንድሞቹን ይጠራል። ሁሉም መጥቶ ሥር ይቀመጣል። እኔ ለሥራ አስኪያጅ ነገርኩት። ጁምዓ እንግዳ አትወድም አለኝ። መንጌ ተወልጄ እንግዳ አልወድም?»

ወይዘሪት ሕሊና እርሳሷ ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና «ነገ በእንግዶች ፊት ይሄን ማን ይናገራል?» አለች። እኔ የወደቀውን እርሳስ ለማንሣት ጎንበስ አልኩ። ከሚያስፈልገው በላይ እዚያው ቆየሁ።

ዓርብ በአራት ሰዓት ቢሮው ሞላ። ሦስቱ እንግዶች ብቸኛዎቹ ደኅና ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። ጁምዓ አልመጣም፤ ለእንግዶቹ የሚታይ ባች ከማለዳ ጀምሮ ጥዷል። «ሽሮፕ ስብሰባ አይጠብቅም» ብሎ ልኮብኛል። እኔ ቃለ ጉባኤ ለመያዝ ጥግ ላይ ነበርኩ። ያልተጨረሰው ደብዳቤ ከወረቀቴ ሥር አለ።

አቶ ምንውየለት ስለ ቆራጥነት ጥቂት ተናገሩና ዕድሉን ለወይዘሪት ሕሊና ሰጡ። እሷም የረቡዕ ውጤቷን ራሷ ሻረችው፤ ቅጾቹ ተቆርጠውና ተሞልተው እንደነበር ተናገረች፤ ከዚያ ሰባቱን ጭረት አስረዳች። አምስተኛው ጭረት ላይ ስትደርስ አቶ ምንውየለት ሳቁ።

«እንግዳ ስኳር አጋገረ ነው የሚሉኝ? ክቡራን፣ ስማችን በከንቱ እየጠፋ ነው። አሥራ አንደኛው ባች ላይ እንግዶች አልገቡም? ገብተዋል! አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ! ዘጠነኛው ባች ላይም አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ ገብተዋል። አንዱ ጥሩ፣ አንዱ መጥፎ! ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?»

«ሁለቱም አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ ነው» አለች ወይዘሪት ሕሊና። «አሥራ አንደኛው የክረምት ባች ነው፤ አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ ገና ሁለተኛው ጭረት ላይ ነበር። ቀጭን ነው፤ ቢከፈት አይጎዳውም። እንግዶቹ ወደ መንጌ ስለቸኮሉ ነው ቀድመው የገቡት። ዘጠነኛው የበጋ ነው፤ ያኔ አምስተኛው ጭረት ላይ ደርሶ ነበር፤ እሳቱ ስለተጎተተበትም ነው ከአራት ሰዓት አልፎ ቅጹ የተቆረጠው።»

«ጭረት፣ ጭረት! አንድ የእንጨት ቁራጭ ይዘን ከዘመናዊ ሰዓት ጋር ልንከራከር ነው?» አቶ ምንውየለት ወደ እንግዶቹ ዞሩ። «እኔ በምን ሰዓት እንደምገባ አይታወቅም። አንድ ቀን በአራት፣ አንድ ቀን በስምንት። ለምንስ ነው አምስተኛው ጭረት ላይ ብቻ የምገጥመው? ይህ ሊሆን የማይችል…»

እዚህ ላይ ሽታው ገባ።

ዝንጅብል ነው። መጀመሪያ በመስኮቱ ሥር ቀስ ብሎ፣ ቀጥሎ ክፍሉን ሞልቶት። አቶ ምንውየለት አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ። ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ፊታቸው ላይ የማውቀው ብርሃን በራ፤ ተነሡ፣ ሸሚዛቸውን አስተካከሉ፣ እጃቸውን ወደ በሩ ዘረጉ።

«ክቡራን እንግዶች፣ አሁን ደርሷል! በዚህ በኩል…»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። እጃቸው በአየር ላይ ቀረ። ከወዲያኛው ክፍል፣ በቀጭኑ ግድግዳ በኩል፣ የጁምዓ ድምፅ መጣ።

«አምስተኛ!»

ወይዘሪት ሕሊና ማስታወሻዋን አየች። ወደ እኔ አልዞረችም፤ ብትዞር ኖሮ አንገቴን እደፋ ነበር። ተነሣሁ። የራሴን ድምፅ በስብሰባ ላይ ሰምቼው ስለማላውቅ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«አቶ ምንውየለት፣ ለቃለ ጉባኤው ነው። ‹በአምስተኛው ጭረት ላይ ሥራ አስኪያጁ ተነሡ› ብዬ ልጻፍ ወይስ ሰዓቱን ልጻፍ?»

ከእንግዶቹ አንዱ ሻዩ ትን አለው። ሁለተኛው ጀርባውን መታ መታ እያደረገ ራሱ ሳቀ። ሦስተኛው፣ ከሁሉ ሽማግሌ የሆኑት፣ አልሳቁም። «ጻፈው፣ ልጄ» አሉ። «ሁለቱንም ጻፈው።»

«ሌላም አለ» አልኩ፤ አንዴ ከተከፈተ አፍ መዝጋት ለካ ይከብዳል። «ቅጾቹን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። የሞላኋቸውም እኔ ነኝ። ዐም ጁምዓ አንድም ቀን ሳይበስል አላወጣም። ደብዳቤው ከተጻፈ ስሜ ይግባበት።»

አቶ ምንውየለት ተቀመጡ። ማንም ወደ ጋኑ አልሄደም። ሽታው እየጠነከረ፣ ማማሰያው ሲጢጥ እያለ፣ ሁላችንም ዝንጅብል እየሸተተን ተቀመጥን። ፋብሪካችን በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጎበኝ አንድ ባች ጨረሰ። ያ አሥራ አራተኛው ባች ነው። ለሙከራ ያስቀመጥናቸው ጠርሙሶች ከሦስት ወር በኋላም እንደ ምንጭ ውሃ የጠሩ ናቸው።

እንግዶቹ ውሳኔውን በዚያው ቀን ሰጡ። ሠራተኛ ጁምዓ በሥራው ይቀጥላል። ያልተጨረሰውን ደብዳቤ ወስዶ እሳቱን አቀጣጠለበት፤ እንጨቱ እርጥብ ነበር። እንግዶች ከእንግዲህ ጋኑን የሚያዩት ባዶ ሲሆን ብቻ ነው። አቶ ምንውየለት ግን ጥፋቱ የእሳቸው አለመሆኑን በራሳቸው መንገድ አረጋገጡ። በሪፖርታቸው ላይ ለብልሽቱ ምክንያት የሆነው «ከማምረቻው ወደ ቢሮው የሚገባው አሳሳች ሽታ» መሆኑን ገልጸው፣ የቢሮውን መስኮት በምስማር አስመቱት። በበጋ ወራት በዚያ ቢሮ ውስጥ ስንት ሰዓት መቀመጥ እንደሚቻል እሳቸው ያውቃሉ።

ማታ ስንወጣ ጁምዓ ቀርከሃውን እየወለወለ በር ላይ ጠበቀኝ።

«ያ ወለድ፣ ዛሬ አወራህ።»

«አዎ።»

«ይበቃል። ነገ ደግሞ እንዳትለምደው።»

ለእኔም ደብዳቤ ተወሰነልኝ። መዝገብ በመቁረጥና በማስረዘም የተሰጠ የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ማን እንዳዘዘኝ አይጠቅስም። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሌላ የሚነበብ እጅ ጽሕፈት ያለው ሰው ስላልነበረ፣ ሦስቱንም ቅጂ እንድጽፍ ለእኔው ተሰጠኝ። በአዲስ ብዕር አጥርቼ ጻፍኩት። ደብዳቤው ስምንት መስመር ወጣው። ስምንት መስመር አድርጌ ተውኩት።